የልብ ሐኪሙ ፕሮፌሰር እና የዲን ወንበር

በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የለመድነው ነገር አለ። አንድ መምህር ጥሩ ያስተምራል፣ ጥሩ ይመራመራል፣ ስሙ ይወጣል። ሽልማቱ ምንድን ነው? ቢሮ። መጀመሪያ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይደረጋል። ቀጥሎ ዲን። ከቀናው ምክትል ፕሬዚዳንት። ምርምሩን ለተማሪዎቹ ይተዋል፣ ታካሚዎቹን ካገኘ በሳምንት አንዴ ነው፣ ቀኑ በስብሰባ ያልቃል። እኛም «አደገ» እንላለን።

እውነት ይሄ እድገት ነው? ጥያቄውን ለማየት ከደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ከፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም። ሥራቸው ከጅማ ተማሪዎችና ከአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ጋር ሳይቀር የተያያዘ ነው። እዚህ አገር ግን ከሕክምናው ሰፈር ውጭ ስማቸውን የሰማ ብዙ ሰው የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማዮሲ በጥር 1967 ምታታ በምትባል የምሥራቅ ኬፕ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም፣ እናታቸው ነርስ ነበሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኬፕታውን በሚገኘው የግሩት ስኩር ሆስፒታል ክርስቲያን ባርናርድ የዓለምን የመጀመሪያ የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረጉ። ታካሚው ሉዊስ ዋሽካንስኪ 18 ቀን ኖሩ። ሆስፒታሉ በአንድ ሌሊት የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። ያኔ ግን የጥቁርና የነጭ ታካሚ የሚተኛበት ክፍል የተለያየ ነበር። ጥቁር ሐኪም የዚያን ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ይመራል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ከ39 ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ያንን ወንበር የያዘው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ማዮሲ ሆኑ።

እስከዚያ የሄዱበት መንገድ በወረቀት ላይ ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት በ15 ዓመታቸው ነው። ሕክምና የተማሩት ደርባን፣ በናታል ዩኒቨርሲቲ። ይሄ በአፓርታይድ ዘመን ነጭ ላልሆኑ ተማሪዎች የተከፈተ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው፤ የፀረ አፓርታይድ ታጋዩ ስቲቭ ቢኮም የተማረው እዚያ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1986፣ የሐኪምነት ዲግሪያቸውን በ1989 ያዙ፤ ሁለቱንም በከፍተኛ ማዕረግ። ከዚያ ፖርት ኤልዛቤት ሊቪንግስተን ሆስፒታል ኢንተርን ሆኑ። ቀጥሎ ኬፕታውን መጡና የውስጥ ደዌ፣ ከዚያም የልብ ሕክምና ተማሩ። በ1998 ኦክስፎርድ ገቡ። በልብና በደም ሥር ዘረመል የሠሩትን ዶክትሬት በ2003 ተቀበሉ።

እስከዚህ ድረስ የአንድ ጎበዝ ተማሪ ታሪክ ነው። ጎበዝ ተማሪ ደግሞ በየአገሩ አለ። ለእኔ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

የልብ ዘረመል በዚያን ጊዜ ገንዘብም ዝናም ያለበት መስክ ነበር። ከኦክስፎርድ ዶክትሬት ይዞ የሚወጣ ሰው እንግሊዝ ወይም አሜሪካ መቅረት ይችላል። ማዮሲ ወደ ኬፕታውን ተመለሱ። ዘረመሉንም አልተዉትም። የልብ ጡንቻቸው የሚደክምና በወጣትነታቸው በድንገት የሚሞቱ ሰዎች ያሉበትን የአንድ ደቡብ አፍሪካዊ ቤተሰብ ታሪክ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው 20 ዓመት ያህል ተከታተሉ። በ2017 ከጣሊያን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ለሕመሙ ምክንያት የሆነውን ሲዲኤች2 የተባለ ዘረመል አገኙ። ዜናው በየጋዜጣው ወጣ።

ዋናው ሥራቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ ጋዜጣ የማይጽፋቸውና የድሃ ሰው የሆኑ ሁለት የልብ ሕመሞች ላይ።

አንደኛው የልብ ሽፋን ቲቢ ነው። ልብ በስስ ከረጢት ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። የቲቢ ባክቴሪያ እዚያ ሲገባ ከረጢቱ ውሃ ይቋጥራል። ውሃው ልብን ይጫናል። ታካሚው ውሃው ወጥቶለት መድኃኒት ቢጀምርም አንዳንዴ ሽፋኑ ይደድርና ልብን እንደ ጠበበ ጫማ አፍኖ ይይዘዋል። ኤችአይቪ በተስፋፋበት የአፍሪካ ክፍል ይህ ሕመም እጅግ በዛ።

ሐኪሞች ከቲቢው መድኃኒት ጋር ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ መስጠት ወይም አለመስጠት ላይ አይስማሙም ነበር። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይፈራል። ሁለቱም ልክ ነኝ ይላል። ማዮሲ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ማየት። በ2002 ያወጡት ግምገማ መልስ የለም የሚል ሆነ። ጥናቶቹ ትንንሾች ነበሩ፤ ኤችአይቪ ስላለበት ታካሚ የሚሉት ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ መዝገብ ጀመሩ። በካሜሩን፣ በናይጄሪያና በደቡብ አፍሪካ ካሉ 15 ሆስፒታሎች 185 ታካሚዎች ተመዘገቡ። በስድስት ወር ውስጥ 26 በመቶው ሞቱ። የኤችአይቪ ምልክት ካላቸው መካከል ደግሞ የሞቱት 40 በመቶ ነበሩ፤ ከሌሎቹ 17 በመቶ። አራቱ መጥተው አንዱ የሚሞትበት ሕመም ላይ ሐኪሞች በግምት ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ትልቁ ነው። ካናዳ፣ ሃሚልተን ከሚገኘው ከማክማስተር ዩኒቨርሲቲው የልብ ሐኪም ከሳሊም ዩሱፍ ጋር ሆነው በስምንት የአፍሪካ አገሮች፣ በ19 ሆስፒታሎች፣ 1,400 ታካሚዎች የተሳተፉበትን ሙከራ አካሄዱ። ግማሹ ስቴሮይዱን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ወሰደ። ውጤቱ በ2014 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ።

ውጤቱ ለማንም ሙሉ ድል አልሰጠም። ሞትን፣ ውሃው ልብን ማፈኑንና የሽፋኑን መደደር አንድ ላይ ሲቆጥሩ ልዩነት የለም፤ 23.8 በመቶ ከ24.5 በመቶ። የሽፋኑን መደደር ብቻውን ሲያዩት ግን ስቴሮይዱ ከ7.8 ወደ 4.4 በመቶ ቀንሶታል። በሌላ በኩል ካንሰር ከ0.6 ወደ 1.8 በመቶ ጨምሯል፤ ጭማሪው በዋናነት ኤችአይቪ ካለባቸው ሰዎች ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ታካሚው ኤችአይቪ ያለበት መሆኑን አይቶ መወሰን አለበት። ድሮ በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ለማን ይጠቅማል፣ ለማን ያሰጋል የሚለው ታወቀ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን መልስ ከድል ዜና ይልቅ አምነዋለሁ።

አሁን ዓመቶቹን ቁጠሩ። ከ2002 እስከ 2014። አንድ ጥያቄ፣ 12 ዓመት። የደረጃ እድገት ፎርም ላይ «በዚህ ዓመት ስንት ጽሑፍ አሳተሙ?» የሚል ሳጥን ይህን ሥራ እንዴት አድርጎ ይለካዋል? በመሐሉ የነበሩት ዓመቶች፣ ከየሆስፒታሉ ጋር ስምምነት ሲፈረም፣ የየአገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሲጠበቅ፣ ነርሶች ሲሠለጥኑ የሄዱት ዓመቶች ማለቴ ነው፣ በወረቀት ላይ ባዶ ናቸው። ሳይንሱ የተሠራው ግን እነዚያ ዓመቶች ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ሕመም ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም።

አጀማመሩ ከጉሮሮ ነው። በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል። እናት «ቶንሲል ነው» ትላለች፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ናት። ሕመሙን ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነና ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ተነስቶ የራሱን የልብ ቫልቭ ይመታል። ልጁ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ያመዋል፤ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይሻለዋል። ጉሮሮው በተደጋገመ ቁጥር ቫልቩ ጠባሳ ያበጃል። ልጁ አድጎ፣ ብዙ ጊዜ ልጅቷ አድጋ፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ወይም ነፍሰ ጡር ስትሆን ሕመሙ ይወጣል። በዓለም ላይ 40 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ ሕመም አለበት ተብሎ ይገመታል። በሀብታም አገሮች ቤት ሲሰፋ፣ መጨናነቅ ሲቀንስ፣ ፔኒሲሊን ሲገኝ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ለዚህ ነው የምርምር ገንዘብም አብሮ የጠፋው።

ማዮሲና ባልደረቦቻቸው በ2005 ድራከንስበርግ ተራሮች ላይ ተሰብስበው ሩማቲክ ትኩሳትን ከአፍሪካ ለማጥፋት ቃል ገቡ። ዕቅዱ አራት ነገር ነበረው፤ ሕዝብን ማንቃት፣ ሕመሙን መከታተል፣ መንግሥታትን መወትወት፣ አስቀድሞ መከላከል። በስብሰባ የወጣ መግለጫ ሁሉ እንደሚሆነው ይሄም ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ከሞት ያዳነው ቁጥር ነው። መንግሥት ፊት «ብዙ ሰው እየሞተ ነው» ማለት አይበቃም። ስንት? የት? በስንት ዓመቱ?

ሬሜዲ የተባለው መዝገብ የመጣው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን፣ በ25 ሆስፒታሎች የሚታከሙ 3,343 ሰዎች ተመዘገቡ። መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ሕመሙ እንዳይደገም የሚሰጠውን ፔኒሲሊን የሚወስዱት ከግማሽ ትንሽ ቢበልጡ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ 16.9 በመቶው ሞቱ። ቁጥሩን በአገር ገቢ ሲከፍሉት ደግሞ ሌላ ታሪክ ይወጣል፤ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 20.8 በመቶ፣ ከፍ ያለ መካከለኛ ገቢ ባላቸው 12.5 በመቶ። ያው ሕመም፣ ያው ቫልቭ። የሚለየው የተወለዱበት አገር ነው። እኛ ያለነው በየትኛው ረድፍ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሌላው ጥናት ሆስፒታል ስላልመጡት ልጆች ነበር። የኬፕታውን ቡድን ከጅማ ዩኒቨርሲቲው የሕፃናት ልብ ሐኪም ከፕሮፌሰር አብርሃም ኃይለአምላክ ጋር ሆኖ ምንም አልታመምንም የሚሉ 4,720 ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ አየ። 2,720ው ከኬፕታውኖቹ ላንጋና ቦንተሂውቨል ሰፈሮች፣ 2,000ው ከጅማ። በኬፕታውን ከ1,000 ተማሪ 20 ገደማ፣ በጅማ 30 ገደማ የሩማቲክ ጉዳት ምልክት ተገኘባቸው። ልጆቹ ኳስ እየተጫወቱ ነው፤ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው። ማንም አያውቅም።

በየካቲት 2015 ባለሙያዎቹ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ተሰበሰቡ። የወጣው ሰነድ በሕክምና ጽሑፎች ላይ «የአዲስ አበባ መግለጫ» ተብሎ ይጠራል። ሰባት ነጥብ አለው። የሕመምተኞች መዝገብ ይኑር፣ ጥራት ያለው ፔኒሲሊን አይቋረጥ፣ ሕመሙ ያለባቸው ሴቶች የሥነ ተዋልዶ አገልግሎት ያግኙ፣ ምርመራው ወደ ታችኛው ጤና ተቋም ይውረድ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከላት ይቋቋሙ የሚሉት አሉበት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የኅብረቱ መሪዎች ጆሃንስበርግ ላይ ተቀበሉት። በግንቦት 2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ጄኔቫ ላይ ስለዚህ ሕመም የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ከአንድ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ እስከ ጄኔቫ ድረስ። አንድ ሰው ብቻውን አልሠራውም፤ ግን ክሩን ይዘው ከጎተቱት ሰዎች መካከል ማዮሲ ፊተኛው ናቸው።

ስለ ፔኒሲሊኑ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ለዓመታት የሚወጋው መርፌ ርካሽ ነው፤ ግን ያማል፣ ያስፈራልም። መርፌውን ወስደው ወዲያው የሞቱ ታካሚዎች ወሬ በተሰማበት ቦታ ባለሙያውም ለመውጋት እጁ ይይዘዋል። ሁሉም «አለርጂ ነው» ይላል። በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው ምክር ግን ከእነዚህ ሞቶች ብዙዎቹ ከአለርጂ ይልቅ ቀድሞውኑ ክፉኛ ከተጎዳ ልብ ጋር የተያያዙ ሊሆኑ ይችላሉ ይላል። ስለዚህ ልባቸው በጣም ለደከመ ሰዎች የሚዋጠው ክኒን ይታሰብ፤ ለሌሎቹ ግን መርፌው ይቀጥል ነው የሚለው። መርፌው እንደሚሠራ ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ በልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ አሳይቷል። ገና ምልክት ያላሳዩ፣ ግን በአልትራሳውንድ ጉዳት የታየባቸው ልጆች መርፌውን ሲወስዱ በሁለት ዓመት ውስጥ የተባባሰባቸው 0.8 በመቶ ናቸው። ካልወሰዱት 8.2 በመቶ። ማዮሲ ይህን ውጤት ለማየት አልደረሱም።

ወደ አካዳሚው እንመለስ። ከ2006 ጀምሮ አሥር ዓመት የውስጥ ደዌ ክፍሉን መሩ። በእኔ ግምት የሕይወታቸው ምርጥ ዘመን ይሄ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች አብዛኞቹ የወጡት በእነዚህ ዓመታት ነው። በ2009 የአገሪቱን ከፍተኛ የማፑንጉብዌ ሽልማት በብር ደረጃ ተቀበሉ። በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና አካዳሚ አባል አደረጋቸው።

ከሽልማቶቹ በላይ ግን ሰዎቹን እዩ። ሬሜዲን በፊታውራሪነት የጻፈችው የሕፃናት ልብ ሐኪሟ ሊዝል ዙልከ በእሳቸው ሥር ዶክትሬቷን የሠራች ናት። ምፒኮ ንትሴኬ የሆስፒታሉን የልብ ክፍል መራ። ንቶቤኮ ንቱሲ ከማዮሲ በኋላ የውስጥ ደዌውን ወንበር ተረከበ፤ በ2024 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። ማዮሲ ይህን በአገር ደረጃም አስበውት ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ በጤና ሳይንስ 1,000 ዶክትሬት ያላቸው ሰዎች ይውጡ ብለው ወተወቱ፤ ለዚህም የነፃ ትምህርት ፕሮግራም ተጀመረ። ዛሬ ፕሮግራሙ በስማቸው ይጠራል።

የክፍል ኃላፊነት አስተዳደር አይደለም ወይ? ነው። ግን ልዩነት አለው። የክፍል ኃላፊ ጠዋት ራውንድ ይወጣል፤ የተኙ ታካሚዎችን እየዞረ ያያል። ሬዚደንቱን፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነውን ሐኪም፣ «ይህን ድምፅ ሰማኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። የሚቀጥረው ሰው የሚያውቀው ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ነው። የሚያስተዳድረውና የሚመራመረው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ዲንነት ላይ ይህ ይቋረጣል። ዲን የጥርስን፣ የነርሲንግን፣ የበጀትን፣ የጥበቃን፣ የተማሪ መኝታን ጉዳይ በአንድ ቀን ያያል። ጎበዝ የልብ ሐኪም መሆን እዚያ ብዙም አይጠቅምም።

ማዮሲ በመስከረም 2016 የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ። ጊዜው ክፉ ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ተማሪዎች የእንግሊዛዊውን ቅኝ ገዢ የሴሲል ሮድስን ሐውልት ከግቢው አስነስተዋል። በጥቅምት 2015 የትምህርት ክፍያ ጭማሪን በመቃወም የተነሳው እንቅስቃሴ በ2016 እንደገና ነደደ። ማዮሲ ወንበሩ ላይ ሁለት ሳምንት እንደቆዩ ተቃውሞው ደረሰባቸው፤ የጤና ሳይንስ ተማሪዎችም ቢሯቸውን ተቆጣጠሩ።

እዚህ ጋ ተማሪዎቹን መኮነን ይቀላል። እኔ አላደርገውም። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነበር፤ የድሃ ልጅ መማር አለበት፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው የኮንትራት ሠራተኞች የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ይሁኑ ነው ያሉት። ማዮሲም ራሳቸው በዚህ ጥያቄ አያፍሩም ነበር። የከበደው ሌላ ነገር ነው። ቤተሰባቸው በኋላ እንደተናገረው ተማሪዎቹ «ከሃዲ» አሏቸው፤ ውጭው ጥቁር ውስጡ ነጭ ለማለት «ኮኮናት» ብለውም ሰደቧቸው። ዕድሜ ልኩን ጥቁር ሐኪሞችን ሲያፈራ የኖረን ሰው እንዲህ ማለት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። በሌላ በኩል አስተዳደሩ ደግሞ ሥርዓት አስከብሩ ይላቸዋል። ከሁለት በኩል መጎተት ማለት ይህ ነው።

ከአንድ ጊዜ በላይ ሥራቸውን ለመልቀቅ ሞከሩ። ይቆዩ ተባሉ። ሐምሌ 27 ቀን 2018 በ51 ዓመታቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ቤተሰባቸው ነገሩን አልደበቀም። ከድብርት ሕመም ጋር ሲታገሉ መቆየታቸውን በግልጽ ተናገረ። ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ልዩ ይፋዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት እንዲደረግላቸው አዘዙ።

«ወንበሩ ገደላቸው» የሚል አጭር ታሪክ መጻፍ ይቻላል። ብዙዎች ጽፈውታል። ይህን ታሪክ በዚያ መልኩ አልቀበለውም። ድብርት ሕመም ነው፤ ልክ እንደ ቫልቭ ጠባሳ ምክንያቱ ብዙ፣ መንገዱም ረጅም ሊሆን ይችላል። በጣም ብዙ ዲኖች በተቃውሞ ውስጥ አልፈዋል፤ አልሞቱም። ሰው በአንድ ምክንያት ብቻ አይሞትም።

ወንበሩ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ያቋቋመው አጣሪ ቡድን በ2020 ሪፖርቱን አወጣ። ሹመቱ የመጣበት ጊዜ ከባድ እንደነበር፣ በተቃውሞው ወቅት በቂ ድጋፍ እንዳላገኙ፣ የመልቀቂያ ጥያቄያቸው የተያዘበት መንገድም ችግር እንደነበረበት አስቀመጠ። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው «ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም፣ ወደ ምርምሬ መልሱኝ» ሲል የምንሰማው እንደ ትሕትና ነው። «አይ ፕሮፌሰር፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለን» እንለዋለን። ምስጋና ይመስለናል። በር መዝጋት ግን ነው።

ይህ ኢትዮጵያ ውስጥ ይበልጥ ይብሳል ባይ ነኝ። እኛ ዘንድ ሹመትን እምቢ ማለት ወይም ከሹመት መውረድ ጥርጣሬ ያመጣል፤ «ምን አጥፍቶ ነው?» ይባላል። ሐኪም ስለ ራሱ ጭንቀት ማውራት ደግሞ ጭራሽ አልተለመደም። «ዶክተር ሆኖ?» ይሉታል። አለቃው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተረኛ ነው ወይስ አይደለም። የልብ ሐኪም ቁጥራችን ትንሽ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ልጆች ወረፋ በሺዎች ነው የሚቆጠረው። እንዲህ ባለ አገር አንድ የልብ ሐኪም ቀኑን በግዥ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ሲያሳልፍ ኪሳራውን የሚያሰላ የለም።

አማራጭ የለም እንዳይባል፣ ያው ደቡብ አፍሪካ ራሷ አንድ አላት። በ2006 የጀመሩት የምርምር ወንበር ፕሮግራም ነው። አንድ ፕሮፌሰር ለአምስት ዓመት የምርምር ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ውጤቱ ከታየ እስከ 15 ዓመት ይታደሳል። ሥራው መመራመርና የዶክትሬት ተማሪ ማፍራት ነው። ከዲን ያላነሰ ክብር አለው፤ ስብሰባው ግን ያንሳል። ፍጹም አይደለም፣ ገንዘቡም በአብዛኛው ቀድሞ ወደ ሞላላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳል የሚል ቅሬታ ይሰማበታል። ቢሆንም «ካደግክ ቢሮ ግባ» ከሚለው መሰላል ጎን ሌላ መሰላል አቁሟል።

ለእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘቡ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ያለ ገንዘብ የሚሆኑ ነገሮች ግን አሉ። ዲንነትን የሙያ ዘመን መጨረሻ ሳይሆን ጊዜው የተወሰነ አገልግሎት ማድረግ፣ ሲያበቃም መመለሻውን ቀድሞ ማዘጋጀት። ለሚሾመው ሐኪም ሳምንታዊ የክሊኒክ ቀኑን በጽሑፍ መጠበቅ። የደረጃ እድገት ፎርሙ ላይ «ስንት ጽሑፍ?» ከሚለው ሳጥን አጠገብ «በእርስዎ ሥር ሠርተው ዛሬ ራሳቸውን ችለው የሚመራመሩ እነማን ናቸው?» የሚል መጨመር። ማዮሲ ለዚህ ሳጥን የሚጽፉት ዝርዝር ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ይዞር ነበር። ከልቀቁኝ ደብዳቤ ጋር በተያያዘም እንዲሁ፤ ደብዳቤው በገባ በተወሰነ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ፣ መልሱም «ከእርስዎ ሌላ ማን አለን» የሚለው አይሁን።